ባንዱ ይቀመጣል፤ ጓደኛሞች ይጓዛሉ

ኦአሲስ የተባለው የማንችስተር የሮክ ባንድ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ኖኤልና ሊያም ጋላገር ተጣልተው እ.ኤ.አ. በ2009 ከተበተነ በኋላ 15 ዓመታት ያህል ድምፁ ጠፍቶ ቆይቷል። ወንድማማቾቹ ታርቀው በ2025 በብሪታንያና በአየርላንድ ከተሞች እንደሚጫወቱ ኦገስት 27 ቀን 2024 ተነገረ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ኦገስት 31፣ ትኬቱ ለሽያጭ ሲቀርብ ከ158 አገሮች ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በኢንተርኔት ወረፋ መያዙን አዘጋጆቹ አስታወቁ። የቀረበው ትኬት 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለአንድ ትኬት ሰባት ሰው ማለት ነው።

ለገበያ ተመልካች ግን ከ10 ሚሊዮኑ ይልቅ 158ቱ ይበልጥ ይናገራል። በዚያ ቅዳሜ የተሸጠው የካርዲፍ፣ የማንችስተር፣ የለንደን፣ የኤደንብራና የደብሊን ትኬት ነው። ከሌላ አህጉር ሆኖ የተሰለፈ ሰው ትኬቱ ቢደርሰው አውሮፕላን መሳፈር፣ አልጋ መያዝ፣ ምናልባትም ቪዛ መጠየቅ እንዳለበት እያወቀ ነው። ብቻውንም አይደለም። ለሮክ ኮንሰርት ለብቻው ባሕር የሚሻገር ጥቂት ነው። የሚጓዙት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ በወጣትነት አንድ ካሴት እየተዋዋሱ ያደጉ ሰዎች ናቸው። የኮንሰርት ገበያው ዛሬ የሚኖረው በእነዚህ ሰዎች ቦርሳ ነው።

ድሮ ተጓዡ ባንዱ ነበር። ሙዚቀኞቹ በአውቶቡስ፣ ዕቃቸው በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር፤ አድማጩ ደግሞ በሰፈሩ አቅራቢያ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያ አሠራር እየከበደ የመጣው መድረኩ እየገዘፈ በመሄዱ ነው። ዩ ቱ የተባለው የአየርላንድ ባንድ ከ2009 እስከ 2011 ባካሄደው ዙር ጥፍር የሚመስል ግዙፍ የብረት መድረክ ነበረው። እሱን ማቆምም መንቀልም ቀናት ስለሚፈጅ ሦስት ተመሳሳይ መድረኮች ተሠርተው፣ በአንዱ ሲጫወቱ ሌላው በሚቀጥለው ከተማ ይተከል ነበር። ዕቃውን የሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች 120 ገደማ ነበሩ። ባንዱ በዚሁ ዙር በፌብሩዋሪ 2011 ጆሃንስበርግና ኬፕታውን ድረስ መጥቷል።

ያው ባንድ ከ12 ዓመት በኋላ ምን አደረገ? ላስ ቬጋስ በሚገኘውና 2.3 ቢሊዮን ዶላር በወጣበት ስፊር አዳራሽ፣ ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 እስከ ማርች 2 ቀን 2024 ድረስ 40 ምሽት ተጫወተ። የሚነቀል ብረት፣ የሚነዳ የጭነት መኪና አልነበረም። ሰው ራሱ መጣ። ሌሎቹም በየፊናቸው ይህንኑ ይዘዋል። ኮልድፕሌይ በጃንዋሪ 2024 በሲንጋፖር ብሔራዊ ስታዲየም 6 ምሽት፣ በ2025 በለንደኑ ዌምብሊ 10 ምሽት ተጫውቷል። ኦአሲስም በዚያው ዓመት በዌምብሊ 7 ምሽት ቆይቷል።

ባንዱ በአንድ ከተማ በሰነበተ ቁጥር የማጓጓዣው፣ የተካዩና የነቃዩ ወጪ ይቀንስለታል። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ከፋዩ ነው የተለወጠው። 120 የጭነት መኪኖች የተሸከሙትን ሸክም ዛሬ ጓደኛሞች ተከፋፍለው በየሻንጣቸው ይሸከሙታል።

አራት ትኬት፣ አንድ ካርድ

የጓደኛሞቹ ችግር ከትኬቱ ግዢ ይጀምራል። በኦአሲስ ሽያጭ አንድ ገዢ ለአንድ ምሽት ከአራት ትኬት በላይ መግዛት አይፈቀድለትም ነበር። አምስት ከሆኑ እንግዲህ ሁለት ሰው መሰለፍ አለበት፤ ሁለቱም ለአንድ ምሽት ካልደረሳቸው ጉዞው ፈረሰ። ብዙ ሰዓት ወረፋ ጠብቆ ተራው የደረሰው ሰው ደግሞ የሚከፍለው በራሱ ካርድ፣ የሚወስነው ስለሌሎቹ ገንዘብ፣ የሚሰጠው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው።

በዚያ ቅዳሜ ብዙዎች በዚህ ወንበር ተቀምጠው ነው የተያዙት። የቁም ቦታ ትኬት 150 ፓውንድ ገደማ ነው ተብሎ ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ 355 ፓውንድ ሆኖ ጠበቃቸው። ለአራት ሰው 600 ፓውንድ ይዞ የመጣ 1,420 ሊከፍል ነው። ጓደኞቹን ደውሎ ይጠይቅ? ስልክ እስኪነሳ ትኬቱ ያልቃል። ይተወው? ‹‹አንተ ነህ ያስቀረኸን›› ሊባል ነው። ሻጭ ይህን ያህል የተጨነቀ ገዢ ከየት ያገኛል? የፋሲካ ዶሮ እንደሚወደድ ማንም ያውቃል፤ ቢሆንም የዶሮ ነጋዴ ገዢውን ከማለዳ እስከ ቀትር አሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ‹‹አሁን ዋጋው ሌላ ነው›› አይለውም።

ሕዝቡ ነገሩን ኮምፒዩተር በየደቂቃው ዋጋ እየጨመረ ነው ብሎ ተረዳው። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2024 ምርመራ ከፍቶ ያገኘው ግን ከዚህ ይለያል። ለቁም ቦታ ከመጀመሪያውም ሁለት ዋጋ ነበረ፤ ርካሹ እንዳለቀ ውዱ ተለቀቀ፤ ለተሰላፊው ይህን አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ‹‹ፕላቲነም›› የተባሉ አንዳንድ የወንበር ትኬቶችም የተለየ ጥቅም ሳይኖራቸው ከመደበኛው ሁለት ተኩል እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ መሸጣቸውን ባለሥልጣኑ በማርች 2025 ገልጿል። በሴፕቴምበር 2025 ትኬት ሻጩ ድርጅት ከአንድ በላይ የዋጋ ደረጃ ካለ ከ24 ሰዓት በፊት ለገዢው ለመናገር ግዴታ ገብቷል። ለዚያ ቅዳሜ ገዢ ግን ዘግይቷል።

ንጽጽር ቢያስፈልግ ይኸው ባንድ በኦገስት 1996 በነብዎርዝ ሜዳ በሁለት ምሽት ለ250 ሺህ ሰው ተጫውቷል። ከ2.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ትኬቱን ፈልጎ ነበር፤ ፈላጊው ከአቅርቦቱ አሥር እጥፍ ነበር ማለት ነው። ዋጋው 22 ፓውንድ ከ50 ነበር። በብሪታንያ የኑሮ ዋጋ ከዚያ ወዲህ በእጥፍ ገደማ ስለጨመረ ዛሬ 45 ፓውንድ ቢባል ነው። ስለዚህ ‹‹ፈላጊ ስለበዛ ነው የተወደደው›› የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ያኔም ፈላጊ ሞልቶ ነበር። የተለወጠው ሻጩ ገዢው እስከ ስንት ሊከፍል እንደሚችል ማወቁና ለዚያ መዘጋጀቱ ነው።

ባንዱ ከፈለገ ሌላ መንገድ እንዳለም ታይቷል። ዘ ኪዩር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2023 በአሜሪካ ሲዞር አንዳንዱን ትኬት በ20 ዶላር እንዲሸጥ አደረገ። ታዲያ ገዢዎች ሲከፍሉ የአገልግሎት ክፍያው ተደማምሮ ከትኬቱ ዋጋ በልጦ ተገኘ። የባንዱ መሪ ሮበርት ስሚዝ በአደባባይ ተቆጣ። ሻጩ ድርጅት ለአንድ ትኬት 10 ወይም 5 ዶላር እንዲመልስ ተስማማ። አሥር ዶላር ብዙ አይደለም፤ ግን ዘፋኝ ስለ አገልግሎት ክፍያ ሲከራከር የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው? ኦአሲስም ከብሪታንያው ጩኸት በኋላ ለሰሜን አሜሪካ ኮንሰርቶቹ ተለዋዋጭ ዋጋ እንደማይኖር አስታውቋል።

አምስት ወንበር ሲወደድ

ትኬቱ ተያዘ እንበል። ቀጥሎ አውሮፕላን ነው፤ እዚህ ላይ አብሮ መሆን በቀጥታ ገንዘብ ያስወጣል። በመርካቶ አምስት ኩንታል የሚገዛ ከአንድ ኩንታል ገዢ ይልቅ ቅናሽ ይደረግለታል። የአየር መንገድ ኮምፒዩተር ግን እንደዚህ አያስብም። የአውሮፕላን ወንበር አንድ ዓይነት ቢመስልም በበርካታ የዋጋ መደቦች ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። በርካሹ መደብ ሦስት ወንበር ቀርቶ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ፣ ኮምፒዩተሩ ሦስቱን በርካሽ ሁለቱን በውድ ብሎ አይለያቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስቱንም አምስት ወንበር ወዳለበት ወደ ውዱ መደብ ያወጣቸዋል።

ለምሳሌ ያህል ርካሹ 400 ዶላር፣ ተከታዩ 520 ዶላር ቢሆን፣ አብረው የጠየቁት አምስት ጓደኛሞች 2,600 ዶላር ይከፍላሉ። አንዱ በመጀመሪያ የአንድ ሰው ዋጋ ጠይቆ፣ ቀጥሎ የሁለት፣ የሦስት እያለ ቢሞክር ዋጋው የሚዘልበትን ቦታ ያገኘዋል። ሦስቱ በአንድ፣ ሁለቱ በሌላ ቢገዙ 2,240 ዶላር ይሆናል፤ 360 ዶላር ተረፈ። ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በረራ ሲሰረዝ ወይም ሲዘገይ አየር መንገዱ የሚያውቃቸው እንደ ሁለት ቡድን ስለሆነ ሦስቱን ዛሬ፣ ሁለቱን ነገ ሊያሳፍር ይችላል። ኮንሰርቱ ደግሞ ነገን አይጠብቅም። ይህን የሚያውቁ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ይደርሳሉ፤ ያም የአንድ ሌሊት አልጋ ይጨምራል።

በአልጋ ላይ ጓደኛሞች ይጠቀማሉ። አንድ ክፍል ለሦስት፣ አንድ ቤት ለአምስት መከራየት ይቻላል። ሆቴሎች ግን የኮንሰርቱን ቀን ከአድማጩ ቀድመው ነው የሚያውቁት። የኦአሲስ መመለስ በተሰማ ሰሞን በማንችስተር ቀድመው የያዙት አልጋ ተሰርዞባቸው ያው ክፍል በውድ ዋጋ ለገበያ ቀረበ ያሉ እንግዶች አንድ ሆቴል ላይ ወቀሳ አሰምተዋል፤ ሆቴሉ የቴክኒክ ስህተት ነው ብሏል። በዚህ የተማሩ አድማጮች ዛሬ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። ቀኑ ሲወራ ወዲያው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አልጋ ይይዛሉ፤ ትኬት ካልደረሳቸው ይሰርዙታል። ሆቴሎቹም ይህን አውቀው በእነዚያ ቀናት የማይሰረዘውን ብቻ ማቅረብ ጀምረዋል ቢባል የሚገርም አይሆንም።

ሌላው ወጪ በፓስፖርቱ ቀለም ይወሰናል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ከአፍሪካ ወይም ከእስያ ለሚነሱ አምስት ጓደኛሞች ይህ 450 ዩሮ ገና ያልተጀመረ ጉዞ ላይ የሚከፈል ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢከለከል አራቱ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ የሚለውን ማንም የጉዞ ወኪል አይመልስላቸውም።

ከተሞች በጨረታ

ጓደኛሞቹ የሚጥሉትን ገንዘብ ከሁሉ ቀድመው የቆጠሩት ከተሞች ናቸው። በማርች 2024 ቴይለር ስዊፍት በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተጫወተችው በሲንጋፖር ብቻ ነበር፣ 6 ምሽት። እሷ የሮክ ሰው አይደለችም፤ ነገሩ ግን ገበያውን ገልጦ ስላሳየ ይነሳል። የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ስሬታ ታቪሲን ሲንጋፖር ሌላ ጎረቤት አገር እንዳትጫወት በአንድ ምሽት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች ሲሉ ተናገሩ። የያኔው የሲንጋፖር ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ሲየን ሉንግ ከቱሪዝም ፈንድ ማበረታቻ መሰጠቱን አልካዱም፤ መጠኑን ግን አልተናገሩም። በጎረቤቶች ላይ የተደረገ ክፉ ሥራ አይደለም ብለዋል። የባንኮክና የማኒላ ጓደኛሞች እንግዲህ አውሮፕላን ተሳፍረው መሄድ ነበረባቸው፤ የከተማዪቱም ስሌት ይኸው ነው።

ሕንድ ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው። ኮልድፕሌይ በጃንዋሪ 2025 በሙምባይ አቅራቢያ ለሚያሳየው ዝግጅት ትኬት ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ሲሸጥ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ኢንተርኔቱን አጨናነቀው። ከ2,500 እስከ 35,000 ሩፒ የተተመነው ትኬት በአትራፊዎች እጅ በመቶ ሺዎች ሩፒ ተጠየቀበት። ባንዱ በዚያው ጃንዋሪ በአቡ ዳቢ 4 ምሽት ስለነበረው ከሙምባይ የቀረው ሕንዳዊ ዓይኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው አዞረ። ትኬት ከአትራፊ ገዝቶ በአገር ከመቆየት ይልቅ ፓስፖርት ይዞ መውጣት የሚያዋጣበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው። ለአዲስ አበባ የሮክ ወዳጅም ኤምሬቶች አራት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ከጆሃንስበርግ ይልቅ ቅርብ ነው።

ኮልድፕሌይ ጃንዋሪ 25 እና 26 በአህመዳባድ ሲጫወት ግን በየምሽቱ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ገባ። ለተጓዡ ከሙምባይ ልዩ ባቡር ተመደበ፤ የከተማዪቱ ሆቴል ዋጋ ጣራ ነካ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በአንድ የባለሀብቶች ጉባዔ ላይ ‹‹የኮንሰርት ኢኮኖሚ›› ስለሚባለው ነገር ሲናገሩ የአህመዳባዱን ምሽት በምሳሌነት አነሱ። የሮክ ባንድ በመንግሥት መሪ የኢንቨስትመንት ንግግር ውስጥ ሲገባ ነገሩ ከዘፈን አልፏል።

አዲስ አበባም ይህን ዓይነት እንግዳ አታውቅም አይባልም። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች ጭምር የመጣ ሰው ነበር፤ ሙዚቃው ሬጌ ቢሆንም ጉዞው ያው ነው። በሰሜን አሜሪካ ያለው ሐበሻ ደግሞ ሒሳቡን በልምድ ያውቀዋል። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሳምንት፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተጠራርቶ፣ ክፍል ተጋርቶ፣ ቀን ኳስ ማታ ዘፈን ሲያይ ኖሯል።

ሙዚቃው ሲቀር

በዚህ ገበያ ውስጥ በጣም የሚጎዳው ጓደኛሞቹ ደርሰው ሙዚቃው ሲቀር ነው። ማርች 25 ቀን 2022 ፉ ፋይተርስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በኮሎምቢያ ቦጎታ ሊጫወት በነበረበት ዕለት ከበሮ መቺው ቴይለር ሆኪንስ በዚያው ከተማ አረፈ። የዙሩ ቀሪ ኮንሰርቶች ተሰረዙ። በኦገስት 2024 ደግሞ በቪየና የቴይለር ስዊፍት ሦስት ምሽቶች የሽብር ጥቃት ታቅዶባቸዋል ተብሎ በዋዜማው ተሰርዘዋል፤ ለሦስቱ የተሸጠው ትኬት ወደ 200 ሺህ ይጠጋ ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች የሚሄዱበት ስላልነበራቸው በከተማዪቱ ጎዳና ላይ ተሰብስበው ለራሳቸው ዘፈኑ።

እንዲህ ሲሆን አዘጋጁ የሚመልሰው የትኬቱን ዋጋ ነው። አውሮፕላኑ በርሯል፤ ሆቴሉ አልጋውን አዘጋጅቷል፤ ሁለቱም ውላቸውን ፈጽመዋልና የሚጠየቁበት የለም። የጉዞ መድን የገዛም ቢሆን ውሉን አገላብጦ ማየት አለበት፤ ብዙው መድን ተጓዡ ሲታመም ወይም ሻንጣው ሲጠፋ እንጂ ዘፋኙ ሲቀር አይከፍልም። እዚህ የተነሱት እርምጃዎች የተመለከቱት ትኬቱን ነው። የብሪታንያ መንግሥት በኖቬምበር 2025 ትኬትን ከተገዛበት ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥን በሕግ ሊከለክል ማቀዱን አስታውቋል። ከትኬቱ ውጭ ያለውን፣ ማለትም ለሩቅ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ የወጪውን ትልቅ ድርሻ፣ አልነኩም።

ትኬቱ ሲመለስም ገንዘቡ የሚገባው በተከፈለበት ካርድ ነው። ያ ካርድ የአንዱ ጓደኛ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ለእሱ የሰጡት ከወራት በፊት፣ አንዳንዴም በእጅ፣ አንዳንዴም ‹‹የእራቱን አንተ ትከፍላለህ›› ተባብለው ነው። እስከዚያው ካርዱ ጊዜው አልፎበት ባንኩ ሌላ ሰጥቶት፣ ወይም የምንዛሪው ዋጋ ተለውጦ የተመለሰው ከተከፈለው አንሶ ይገኛል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ያላሰፈሩ አራት ጓደኛሞች ያን ጊዜ ነው ስለ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነጋገሩት።